ቤቱ ተሸጠ፥ ቦታውስ? በኮምቦልቻ ስለ አዲስ ቤትና ስለ ሰፊ ግቢ ግዥ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

«እገሌ በኮምቦልቻ አዲስ ቤት ገዛ፤ ግቢውም ሰፊ ነው» የሚለው አነጋገር በወሎ ከተሞች በየዕለቱ የሚሰማ ነው። ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ስለ ሆነ እንኳን ደስ ያለህ ከማለት በቀር ሌላ የሚያስጠይቅ ነገር ያለበት አይመስልም። የታሪክ ተማሪ ግን ጥቂት ቆም ብሎ ቢመረምረው አንድ ከባድ ጥያቄ ያገኝበታል። ገዢው የገዛው ምንድን ነው? ቤቱን ነው እንዳንል ዋጋው የሚነገረው በቦታው ስፋት ነው፤ ግቢውን ነው እንዳንል በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም። እንግዲህ ሰፊው ግቢ ወደ ሽያጩ የገባው በየት በኩል ነው? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የሕግ ተማሪዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በደቡብ ወሎ ጥቂት የማይባል ቤት የሚገዛው ልጅ ወይም እኅት በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ነው። ባለገንዘቧ በሪያድ ወይም በጅዳ ሆና ቤቱን የምታውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ ውሉን የሚፈርመውም ሌላ ሰው ነው። ይህች ሴት ስንት ዓመት የደከመችበት ገንዘብ ምን እንደ ገዛላት በትክክል መታወቁ ለእርስዋ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን «ግቢ» ስንል የንጉሡንም አጥር፥ የድኻውንም ደጅና ጓሮ በአንድ ስም እንጠራለን። ቤት ብቻውን የቆመ ነገር ሆኖ አልታየም። አዲስ ቤት ለመጐብኘት የገባ ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ሲል፥ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ሲመልስ፥ ምርቃቱ የሚያስበው እንቦሳ የሚታሰርበት ቦታ ያለውን ቤት ነው። ዛሬ በአራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የኮንዶሚኒየም ቤት ገብተን ይህንኑ ስንመርቅ እንቦሳው የት እንደሚታሰር የሚጠይቀን የለም፤ ልማዱ ግን ሰው ከቤት ጋር አብሮ ይመኝ የነበረውን ነገር ጠብቆ አቆይቶልናል።

ቦታና ቤት መሸጥና መግዛት በአገራችን ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ መሬትና ስለ ኅብረተሰብ በሚናገረው መጽሐፉ እንዳሳየው፥ በጎንደር ዘመን ሰዎች ርስት ይገዙና ይሸጡ ነበር፤ ሽያጩም በአብያተ ክርስቲያናት በሚጠበቁት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጩ፥ ገዢው፥ ዋጋው፥ ዋሱና እማኞቹ በስም ይጠቀሳሉ። ከሻጮችና ከገዢዎች መካከል ሴቶች መኖራቸው ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የምስክሮቹን ስም በወንጌል መጽሐፍ ላይ ያሰፈሩት ለጌጥ አይደለም፤ ከመቃጠልና ከመሰረቅ አብዝቶ የሚጠበቅ ሌላ መዝገብ ስላልነበረ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ነቢዩ በዓናቶት ያለውን እርሻ በአሥራ ሰባት ሰቅል ብር ሲገዛ የውሉን ወረቀት በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ ማዘዙን ያነበበ ሰው የጎንደሮችን አሳብ ለመረዳት አይቸገርም። ከጥንት ጀምሮ የገዢ ጭንቀት ዋጋው ብቻ አልነበረም፤ ወረቀቱ የት ይቀመጣል የሚለውም ነበረ።

በአዲሱ ዘመን ለከተማ ቦታ መሠረት የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ዳግማዊ ምኒልክ ስለ አዲስ አበባ ያወጡት ደንብ ነው። በዚህ ደንብ የከተማ ቦታ የሚሸጥና የሚገዛ፥ ለልጅም የሚተላለፍ ንብረት መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት በከተማው ውስጥ ቦታ የሚገኘው በአብዛኛው በምሪት ነበር፤ ይኸውም ንጉሡ ለመኳንንቱ ሰፈር ይሰጣሉ፥ መኳንንቱም ለሎሌዎቻቸውና ለአገልጋዮቻቸው ያካፍላሉ። በወሎም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደሴ ስሟን ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ እንዳገኘች ይነገራል፤ ከተማ ሆና የጸናችው ግን ራስ ሚካኤል፥ ኋላም ንጉሥ የተባሉት፥ መቀመጫቸው ካደረጓት በኋላ ነው። የአይጠየፍ አዳራሽ ከተሠራበት ጉብታ ዙሪያ መንደር የመሠረተው ሰው ቦታውን ያገኘው ከገበያ ሳይሆን ከግቢ በመቅረብ ነበር።

ደሴ ግን ሰፊ ግቢ ለመስጠት የተፈጠረች ከተማ አይደለችም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ ስለ ተሠራች መሬቷ ቁልቁለት ነው፤ በክረምትም አፈሩ እየተንሸራተተ ቤት ያፈርሳል። በሀረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ግን የቦርከና ሜዳ ይዘረጋል፤ ብርዱ ያልፋል፥ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል። የደሴ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ኮምቦልቻ የሚያይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብለን እንገምታለን። ሜዳውም ቢሆን እንከን አያጣም። ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ አለ፤ ጥቁር አፈር ባለበትም በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ያልጠለቀ መሠረትን ስለሚያነቃንቅ፥ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን አንድ ክረምት ሳያልፍበት ሊያውቀው አይችልም።

ኮምቦልቻን ከተማ ያደረጋት የመኳንንት ግቢ ሳይሆን መንገድ ነው። ኢጣልያኖች አገሩን በያዙባቸው ዓመታት ከአሰብ ተነሥቶ በባቲ በኩል የሚመጣውን መንገድ ሲሠሩ በኮምቦልቻ ከአዲስ አበባና ከደሴ መንገድ ጋር ተገናኘ፤ የአውሮፕላን ማረፊያም ተደረገበት። ቦታው ለጦርነትም ቁልፍ ስለ ነበረ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ኮምቦልቻን ከያዘ ከጥቂት ቀን በኋላ ደሴ እጅዋን ሰጥታለች። ከነጻነት ወዲህ ከተማይቱን ያሳደጓት የአሰብ የጭነት መኪናዎች ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት የአሰብን መንገድ ሲዘጋው ደግሞ ኑሮዋን ወደ ፋብሪካ አዞረች። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ከ58 ሺህ በላይ ነበረ። በ2009 ዓ.ም. 75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የቤት ፍላጎት የት እንደ ደረሰ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ መሆኑን በቁጥር 2877 ደነገገ፤ በቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ አዘዘ። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈው ነበር፤ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ያለው ይህ ነው። ነገር ግን መዝገቡን የሚይዝ መሥሪያ ቤት ገና ስላልተዘጋጀ በዚያው ሕግ በቁጥር 3363 አፈጻጸሙ እንዲቆይ ተደረገ። ከዚህም የተነሣ በተግባር የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ የቀረው በማዘጋጃ ቤት ያለው ፋይልና ከእርሱ የሚወጣው ካርታ ነው። ዛሬ «ካርታ አለው ወይ?» የሚለው የገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያ ዘመን ቦታና ቤት አንድ ነበሩ። ቤቱ መሬቱን ይከተላል የሚለው የሮማውያን ደንብ በአውሮፓ ሕጎች አልፎ ወደ እኛም ገብቶ ነበር። ሰፊ ግቢ የገዛ ሰው ጓሮውን ከፍሎ ሊሸጥ፥ ሰርቪስ ሠርቶ ሊያከራይ፥ ባዶውን አጥሮ ዋጋ እስኪያወጣ ሊጠብቅ ይችል ነበር። በዚህም ምክንያት በትልልቆቹ ከተሞች የመሬቱ ብዛት በጥቂት ሰዎች እጅ መግባቱና አብዛኛው ሰው ተከራይ ሆኖ መቅረቱ የማይካድ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ገለበጠው። በከተማ ያለ መሬት ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወሰደ፥ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። «ትርፍ» የሚለው ቃል በእኛ አስተያየት ብዙ የሚያስተምር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ትርፍ ማለት ነጋዴ ከሽያጭ የሚያገኘው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የያዘው ነገር ስም ሆነ። ልጆቹ ዛሬም ድረስ የአባታቸውን ትርፍ ቤት በጣት እያሳዩ የሚያልፉባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ በአንጻሩም በዚያው ቤት በጥቂት ብር ኪራይ ልጅ ያሳደጉ ድኾች ብዙ ናቸው። አንዱን ብቻ የሚያነሣ ታሪክ ጸሐፊ ግማሹን ትቷል።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። አዋጁ ቤቱን ከመሬቱ ለየው። የሮማውያን ደንብ ተገልብጦ፥ መሬቱ ባለበት ሲቀር ቤቱ ብቻውን የሚሄድ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸና፤ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ላሠራው ቋሚ ንብረት ግን ሙሉ መብት እንዳለው፥ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም እንደሚችል በዚያው አንቀጽ ተናገረ። መልካም፤ ቤት ይሸጣል፥ መሬት አይሸጥም። ነገር ግን ገበያው መሬቱን ዋጋ አውጥቶለታል። ይህ ዋጋ በአንድ ነገር ተሸፍኖ መተላለፍ ነበረበት፤ ሽፋኑም ቤቱ ሆነ።

የሊዝ አዋጆች፥ ማለትም ቁጥር 80/1986፥ ቁጥር 272/1994 እና ቁጥር 721/2004፥ ይህን ለመቈጣጠር የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የመጨረሻው ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጥቶ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከመቶ አሥር እንዳያንስ ደነገገ። ከሁሉም ይልቅ የእኛን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ከግማሽ ግንባታ በፊት ስለሚደረግ ዝውውር የሚናገረው ክፍል ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ባለ ሊዙ ግንባታውን ሳይጀምር ወይም ግማሹን ሳያደርስ ቦታውን ቢያስተላልፍ፥ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከባንክ ወለዱ ጋር፥ የሠራውን ሥራ ዋጋና ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ ከመቶ አምስት ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 400 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 2,000 ብር አሸንፎ 80,000 ብር ቅድሚያ ከፈለ እንበል። ጠቅላላው የሊዝ ዋጋ 800,000 ብር ነው። ቦታው ባዶውን እንዳለ በ1,600,000 ብር ቢተላለፍ፥ የከፈለው ተመልሶለት ከመቶ አምስት የሚደርሰው 80,000 ብር ነው፤ ሌላው ትርፍ ወደ መንግሥት ይገባል። ግማሽ ግንባታ ማለትስ ምንድን ነው? ለቪላ ቤት መሠረቱ አልቆ የላይኛውን ቢም የሚሸከሙት ዓምዶች ሲቆሙ ነው።

አንባቢው ልብ ይበል። እነዚያ ዓምዶች ከመቆማቸው በፊት የቦታው ትርፍ የመንግሥት ነው፤ ከቆሙ በኋላ የሻጩ ነው። በየከተማው ዳርቻ ብረታቸው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የቀሩት ዓምዶች ሁሉ ገንዘብ ያለቀባቸው ሰዎች ሥራ ነው ብለን ማመን የዋህነት ይሆናል። በሰፊ ግቢ መካከል የቆመውን ትንሽ አዲስ ቤትም በዚሁ ዓይን ልናየው ይገባል። ከብሎኬቱና ከቆርቆሮው ዋጋ ይልቅ ከአጥሩ እስከ አጥሩ ያለው ሣር ይበልጣል፤ በውሉ ላይ ግን የሚጻፈው «መኖሪያ ቤት» የሚል ነው።

ስለ ሰፊ ግቢ ሌላም የሚታወስ ነገር አለ። በዛሬ ጊዜ የሚታደለው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እየጠበበ ስለ ሄደ፥ በእውነት ሰፊ የሆነ ግቢ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሊዝ በፊት በነበረው በነባር ይዞታ ላይ ነው። አሮጌው የጭቃ ቤት ፈርሶ አዲስ የብሎኬት ቤት ይሠራበትና ለሽያጭ ይቀርባል። በአዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ግን ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ሻጩ በዓመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ገዢው ግን ስሙ በዞረ ጊዜ የሊዝ ባለ ዕዳ ይሆናል። ግቢው በሰፋ መጠን ዕዳውም ይሰፋል። በሽያጩ ድርድር ላይ ይህን የሚያነሣ ደላላ እምብዛም ነው፤ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውሉ በተፈረመ ዕለት ነውና።

ከሁሉ የከፋው ከከተማው ክልል ዳር በእርሻ መሬት ላይ የሚሸጠው ነው። ገበሬው መሬቱ ለከተማ ወይም ለፋብሪካ ከመወሰዱ በፊት ቆርሶ ይሸጣል፤ ገዢውም በአንድ ሌሊት ግድግዳ ያቆማል። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ያለው ይህንን ነው። ግቢው ሰፊ፥ ዋጋው ርካሽ፥ ቤቱም አዲስ ነው፤ ሆኖም የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ውሉ በሕግ ፊት ምንም ነው፤ መንግሥት መሬቱን ለልማት ሲወስድም ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ገበሬው ለምን ይሸጣል ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። በካሣ የሚያገኘው ገንዘብ ከጎረቤቱ በድብቅ ከሚያገኘው ያነሰ መስሎ ከታየው ግን ስሌቱን የሠራው በደንብ አስቦ ነው።

አሁን በዐረብ አገር ወዳለችው ገዢያችን እንመለስ። እርስዋ ስለማትገኝ የሚገዛላት ወንድሟ ወይም አጎቷ በውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊሸጥ ወይም ሊያስይዝ አይችልም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ስለዚህ በግዥው ጊዜ ለመግዛት ብቻ የሚሆን ውክልና ሰጥታ ካርታው በስሟ ከወጣ፥ ማንም ዘመድ ቢሆን ያለ እርስዋ ፈቃድ ሊሸጠው አይገባም። ካርታው በወንድሟ ስም ከወጣ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ፋይል የእርስዋ ስም የለም። ወንድም ሚስት ሲያገባ፥ ወይም ሳይናዘዝ ሲሞት፥ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ የምታስረዳው በባንክ ደረሰኝና በሽማግሌ ምስክርነት ይሆናል። «ለእኅቴ ነው የገዛሁት» ብሎ በአፉ የሚመሰክር ወንድም ብዙ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ግን አስቀድሞ ወረቀቱን ነው። በወሎ ቤተ ሰብ መካከል ወረቀት መጠየቅ እንደ አለመተማመን ተቈጥሮ ሰው የሚያፍርበት በመሆኑ፥ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚነሣው ከረፈደ በኋላ ነው።

በሻጩም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ቤቱ በባንክ ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደ ሆነ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይወጣል። ቀብድ ሲሰጥም የሕጉን ውጤት ማወቅ ይገባል፤ ገዢው ከፈረሰ ቀብዱን ያጣል፥ ሻጩ ከፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በመንደር ውል፥ ማለትም በሦስት እማኞች ፊት ብቻ በተጻፈ ወረቀት፥ ቤት መግዛት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ግን ቁጥር 1723ን ጠቅሶ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና በመወሰኑ፥ ዋጋ በወጣ ጊዜ ውሉን ለማፍረስ የሚሹ ሻጮች መንገድ አገኙ። ችሎቱ ኋላ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ ሌላ ነገር ነው ብሎ አለዝቦታል፤ ቢሆንም በሻጩ አለመካድ ላይ ተማምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ገዢ ጥቂት ነው።

የወረቀቱ መቀመጫ ጉዳይም አላለቀም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበሩበት ጊዜ መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ አስተዋይ ገዢ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማኅተም ያለበትን የውሉንና የካርታውን ግልባጭ በሁለትና በሦስት ቦታ ያኖራል፤ ከሽያጩም ገንዘብ የመጨረሻውን ክፍል ስመ ንብረቱ በማዘጋጃ ቤት እስኪዞር ድረስ በእጁ ይዞ ይቈያል።